ያልደወልኩት ስልክ

ይህን ለባለቤቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ስልሳን ካለፍኩ በኋላ ለማታውቀኝ ለአንተ መንገሬ ድፍረት ይሁን ፍርሃት እኔም አልለየሁትም።

ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ ቢሮ የትርጉም ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። አምስት ነበርን። ያ ጊዜ ዛሬም ይናፍቀኛል፦ የእንጨቱ ደረጃ፣ የታይፑ ድምፅ፣ ከምሳ በኋላ ኦሎምፒያ ወርደን በማኪያቶ የምንገፋው ሰዓት። ከሁላችን ጎበዟ ሰብለ ነበረች። እናቷ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ሲላቸው ቤቷ ሆና ለመሥራት ጠየቀች። ሥራ አስኪያጁ "የማናየው ሰው ይሠራል?" ብለው ቢጠራጠሩም፣ እኔ እንድቆጣጠራት አዘው ፈቀዱላት።

በየሐሙሱ ቂርቆስ ቤቷ እየሄድኩ አዲሱን ሥራ እሰጣታለሁ፣ ያለቀውን እቀበላለሁ። እናቷ ከአልጋቸው ሆነው "የሐሙሱ ልጅ፣ መጣህ? በል ሻይ ጠጣ" ይሉኛል። እኔና ሰብለ በአንዲት ቃል ስንከራከር ሻዩ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ቤት ስወጣ ቀለል ይለኝ ነበር። ሥራዋ ስርዝ ድልዝ የለበትም፤ እኛ በሳምንት የምንጨርሰውን እሷ በሦስት ቀን ታደርሰዋለች።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝ። "እሷ ብቻዋን ይህን ያህል ከሠራች፣ እናንተ አራታችሁ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?" አሉኝ።

ምን ብዬ መለስኩ? "ሰሞኑን ግን በሥራ ሰዓት ቤቷ ስደውል ስልክ አታነሳም" አልኩ። አልደወልኩም። አንድም ቀን አልደወልኩም። ማን አስገደደኝ? ማንም። እኔ ነኝ ያልኩት፣ በገዛ አፌ።

ከሰኞ ጀምሮ ቢሮ እንድትገባ ደብዳቤ ተጻፈላት። ያደረስኩላትም እኔው ነኝ። አንብባ ወደ አልጋው ዞር አለችና "እማዬን ማን ጋ ጥዬ ልምጣ?" አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ሥራውን እንደምትለቅ ነገረችኝ። በር ድረስ ስትሸኘኝ "አንተ እንደተሟገትክልኝ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለች።

"ምንም አይደል" አልኳት። ከውሸቱ ይልቅ ይህቺ መልሴ ታሳፍረኛለች። እዚያው በሩ ላይ መናገር አልችልም ነበር?

ከዓመታት በኋላ ሰፈሩ ፈርሶ፣ እናቷም አርፈው፣ ጎተራ ኮንዶሚኒየም እንደገባች ሰማሁ። ከቤቴ አንድ ታክሲ ነው። አልሄድኩም።

ለእንጀራዬ ፈርቼ ነው ልልህ እችላለሁ። እውነትም ፈርቼ ነበር። ግን ለእሷም እንጀራዋ ነበር። ስለዚህ አንተን ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር የምትለኝ እሷ ናት፤ እሷን ደግሞ እስከዛሬ አልጠየቅኳትም።