ዘይት የተቀባ መብረቅ

እልፍነሽ አንድ እግሯን ታነክስ ነበር። ሮም ውስጥ እንደ እሷ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው አላየሁም፤ ስለ ፍጥነት እንደ እሷ ማውራት የሚወድም አላየሁም።

የደሴ ልጅ ናት። ደርግ በገባ በሁለተኛው ዓመት መጥታ ጡረታ የወጣች እንግሊዛዊት አስተማሪ ቤት ተቀጠረች። ልብስ ስትተኩስ ሴትዮዋ የአገሯን አነጋገር ታስተምራት ነበር፤ እልፍነሽ ከሁሉ የወደደችው ስለ ፈጣን ሰው የሚባለውን ነው። በደብተር ትጽፈዋለች። ሐሙስ ከሰዓት በሰው ቤት የምንሠራ ሐበሾች ሁላችንም እረፍት ስለሆንን ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ተቀምጠን ታነብልናለች። እንግሊዝ ሲሮጥ ዘይት እንደተቀባ መብረቅ ነው፤ ከሲኦል እንዳመለጠች የሌሊት ወፍ ነው። ቶሎ እመለሳለሁ ለማለት ደግሞ፣ የበግ ግልገል ጭራውን ሁለቴ እስኪያወዛውዝ ጠብቁኝ ይላል።

«አንቺ እስክትመጪ ግን ግልገሉ ያረጃል» አልኳት አንድ ቀን።

«ዝም በይ አብረኸት፤ መጀመሪያ ማንበብ ልመጂና ትሰድቢኛለሽ።»

እውነቷን ነው፤ ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርኩም።

በ1975 ዓ.ም. እናቷ ታመሙ። ካየቻቸው ሰባት ዓመት ሆኗት ነበር፤ መሄድም አትችልም። በፖስታ ቤት የሚላክ ደብዳቤ ይከፈታል ብለን ስለምንፈራ የምንልከው በሰው እጅ ነው። ለሕክምና ከአገር ቤት መጥተው የነበሩት ወይዘሮ ኣስገደት ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት፣ ወደ አየር ማረፊያ በሚሄደው ፑልማን አውቶቡስ እንደሚሳፈሩ ሰማንና ደብዳቤና ፎቶግራፍ አዘጋጀች።

የዚያን ቀን አሠሪዋ አዘገየቻት። ሾፌሩ ሞተር ካስነሳ በኋላ ከማዶ እያነከሰች ብቅ አለች። መንገዱን እንደተሻገረች ጋሽ ኃይለመለኮት ኮፍያቸውን አውልቀው ፊቷ ቆሙ። በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ ናቸው፤ የእሳቸው ሰላምታ አይቋረጥም። ስለ ጤናዋ፣ ስለ አሠሪዋ፣ ስለ ፔርሜሶ መኖሪያ ፈቃዷ፣ እንደገና ስለ ጤናዋ ጠየቁ። አንገቷን ደፍታ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ» ትላለች። ስለ እናቷ ሲጠይቁ ግን አንገቷን ሳታቀና ፖስታውን በጎናቸው በኩል ወደ እኔ ዘረጋችው።

ጫማዬን ጥዬ ሮጥኩ። በሩ ሊዘጋ ሲል ወይዘሮ ኣስገደት ከእጄ ተቀበሉኝ።

መልሱ ለፍልሰታ ደረሰ። እናቷ ያረፉት ፎቶግራፏን ትራሳቸው ሥር አድርገው ነው።

ፊደል ያስቆጠረችኝ በኋላ እሷው ናት። ደብተሯ አሁን እኔ ዘንድ ነው። ከመብረቁና ከሌሊት ወፏ ሥር በአማርኛ «እንደ አብረኸት» ብላ ጽፋለች። ይህችን ለማንበብ ከዚያች ሐሙስ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ።