ለልጁ የተያዘ ጫማ

በበረሃው አፋፍ ካለችው የመጨረሻ ሱቅ ደጃፍ ሽማግሌው ጓዛቸውን ያቀልላሉ። የጥርስ ብሩሻቸውን እጀታ ሳይቀር በመጋዝ ቆርጠው ጣሉ፤ በእግሩ በረሃ የሚያቋርጥ ሰው ላባም ይከብደዋል። ባለሱቋ ግን በሻንጣቸው ውስጥ አዲስ የጎረምሳ ጫማ አየች።

«አባባ፣ ይህን ሁሉ አራግፈው ጫማ ይሸከማሉ?»

«ልጄ አምና ወደዚህ በረሃ ሲገባ ያደረገው ጫማ አልቆበታል።»

ልጁን ሊፈልጉ የገቡት ሰዎች ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ አይታለች። ሮጣ ሁለት ጠርሙስ ውሃ አመጣች።

«ይያዙት በሞቴ! እዚያ ውስጥ ጠብታ አያገኙም።»

«ይከብደኛል። ምንጩን ልጄ ያሳየኛል፤ ትናንት ነግሮኛል።»

ተነሡና ሄዱ። መንገዱ ሰፊ ነው፤ እሳቸው ግን ጠርዝ ጠርዙን ያዙ፣ በጎናቸው ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትተው።