የአባቴ አጥሚት ለምን ይቀጥናል

አባቴ ሲውጥ አንገቱን ነው የማየው። ማንቁርቱ ከፍ ብሎ ዝቅ እስኪል ድረስ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ።

ስትሮክ ከመታው በኋላ የሆስፒታሉ ባለሙያ ውሃ ከለከለችው። ጉሮሮው ስለደከመ ቀጭን ነገር ቀድሞት ይሮጥና ወደ ሳንባው ይገባል አለችን። ወፍራም አጥሚት ስጡት፣ ኪኒኑንም በእሱ አድርጉለት። ሳንባው ከገባ ግን ልናጣው እንደምንችል ሳትሸፋፍን ነገረችን። ከዚያ ወዲህ ቡራዩ ያለው ቤታችን የሚፈራው አንድ ኩባያ አጥሚት ነው።

እኔ ሰበታ ቀለም ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። የቫርኒሽ ውፍረት ስንለካ የመስታወት ቱቦ እንሞላና ትንሽ የብረት ኳስ እንለቅበታለን። ፈሳሹ ኳሷን ምን ያህል ጠብቆ እንደሚይዛት ከአወራረዷ እናውቃለን። ቀለም ግን አመለኛ ነው፤ ዝም ሲሉት ይረጋል፣ ሲያማስሉት ይላላል። አጥሚትም ከአመለኞቹ ወገን ነው። የአባቴ ኪኒን ክብ ናት፤ ወፍራሙ አጥሚት ይዟት ይወርዳል፣ ቀጭኑ ግን ጉሮሮው ላይ ጥሏት ያልፋል። ይህን ማወቄ ፍርሃቴን አባሰው እንጂ አልቀነሰልኝም።

ችግሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ማንኪያዎች በሰላም ይወርዳሉ፤ ኩባያው ሲጋመስ ትን ይለዋል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ትን ብሎት ከንፈሩ ጠቆረ። እናቴ ጀርባውን እየመታች «ሱታ፣ ሱታ» ትለዋለች፤ ከታመመ ወዲህ አማርኛው ጠፍቶበት የሚሰማት በኦሮምኛ ቀስ በል ስትለው ነው። እኔ እጄን የማደርግበት አጥቼ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ትንፋሹ ሲመለስ እናቴ ዞር ብላ፣

«ቀጠነብሽ መሰለኝ» አለችኝ።

ተናደድኩ። ያበሰልኩት እኔው ነኝ፤ ከምድጃው ሲወርድ ማንኪያ ያቆም ነበር። የሱሉልታውን ወተት ጠረጠርኩ፣ ዱቄቱን ጠረጠርኩ። ወጥ ቤት ገብቼ ድስቱ ውስጥ በቀረው ላይ አንድ ሽምብራ ጣልኩበት፤ እየተንቀረፈፈች ወረደች። ከአባቴ በተረፈው ኩባያ ሌላ ሽምብራ ስጥል ወዲያው የኩባያውን ሥር መታች። ከአንድ ድስት የወጣ አጥሚት ነው። ታዲያ ከምድጃው እስከ አልጋው ባለው መንገድ ምን ነካው? በገዛ ቤቴ ውስጥ የማላውቀው ነገር አባቴን ሊገድለው ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ አንገቱን ትቼ ኩባያውን ተመለከትኩ። እናቴ በማንኪያው ጨለፍ አደረገች፣ ወደ አፏ ወሰደች፣ ቀመሰች፣ ከዚያ በዚያው ማንኪያ መልሳ ጨልፋ አጎረሰችው። እንደገና ቀመሰች፣ እንደገና ነከረች። በቤታችን ሳይቀመስ የሚቀርብ ነገር የለም። ጠላ እንኳ ስትቀዳለት ቀድማ ጎንጨት ሳትል ሰጥታው አታውቅም። ዳቦ ብዙ ሲያኝኩት የሚጣፍጠው ምራቅ የዱቄቱን ስታርች ሰብሮ ስኳር ስለሚያደርገው ነው ብለው ትምህርት ቤት ያስተማሩን ነገር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ባልሽን ትን የምታስብዪው አንቺ ነሽ ተብሎ እንዴት ይነገራል? ስፈራ ስቸር ቆየሁና ኩባያውን ከእጇ ወሰድኩት።

«እማዬ፣ ማንኪያው አፍሽ ደርሶ ሲመለስ ምራቅ ያቀጥነዋል።»

«እኔ ነኝ ማለት ነው?» አለች።

«አንቺ አይደለሽም፤ ምራቁ ነው።»

«ምራቁስ የማን ነው?»

ያን ቀን ከእኔ ጋር አላወራችም።

በማግስቱ ሙቀቱን በእጇ አንጓ ለካችና ሳትቀምስ ማንኪያውን ወደ አባቴ አቀረበች። አባቴ ከንፈሩን ገጠመ። ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ አልከፍትም አለ። ዓይኑ አፏ ላይ ነው። ሳትቀምስለት እንደማይበላ ገባኝና አዲስ ፍርሃት ያዘኝ፤ ከቀመሰች ይታነቃል፣ ካልቀመሰች ኪኒኑም ምግቡም ይቀርበታል።

እናቴ ለአፍታ አየችው። ማንኪያውን ወደ ራሷ መለሰችና ከከንፈሯ ሳታስነካ አቆመችው። አፏን አንቀሳቀሰች፣ ምንም የሌለበትን ዋጠች፣ ራሷን ነቀነቀችለት። አባቴ አፉን ከፈተ።

ማንቁርቱ ከፍ አለ። ጠበቅን። ዝቅ አለ።

ዛሬም በየማዕዱ እንዲሁ ታደርጋለች። እኔም አሁን ከአንገቱ ሌላ የማየው አለኝ፤ በማንኪያውና በከንፈሯ መካከል ያለችውን ጠባብ ክፍተት። እርጅናው መጥቶ እጇ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።