አባባ ማዕበል ላይ የቆመ ዕለት

ልጅ ሳለሁ አባቴ መርከበኛ እንደነበር ብናገር የሚያምነኝ አልነበረም። እንዴትስ ይመኑኝ? የምንኖረው በሰው አገር፣ ስፕሪንግ ቫሊ የሚባል ሰፈር፣ በረሃ መሃል ነው። አባባ ደግሞ ስትሪፕ በሚባለው የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ አንድ ካዚኖ በር ቆሞ የእንግዶችን መኪና እየተቀበለ ፓርክ ያደርጋል። ቸርች አብሮኝ የሚማር ናቲ የሚባል ልጅ አንድ እሑድ፣ "ኢትዮጵያ እኮ ባሕር የላትም! አባትሽ የት ሆኖ ነው መርከበኛ የሆነው?" ብሎ ልጁን ሁሉ አሳቀብኝ። ቤት ገብቼ ስነግረው አባባ አልተቆጣም። "እኛ ወጣት ሳለን ባሕር ነበረን" አለኝና ለሺፍቱ ጫማውን መወልወል ቀጠለ።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ ስቶክሆልም የምትኖረው አክስቴ ሠርግ ደረሰ። ወላጆቻቸው በሕይወት ስላልነበሩ ታናሽ እህቱን የሚድራት አባባ ነው። ኦቨርታይም ሲሠራ ከርሞ እኔንና እማዬን ይዞን ሄደ። ሃምቡርግ በአውሮፕላን ደረስን፤ ከዚያ ወዲያ "በባቡርና በባሕር ነው የምንሄደው" ያለው እሱ ነው። አፍንጫዬን መስኮቱ ላይ ለጥፌ አረንጓዴውን ሜዳ ሳይ፣ እማዬ ከፌስታል ድፎ ዳቦ እየቆረሰች ስታጎርሰኝ፣ ባቡሩ ባሕር ዳር ደረሰና ቀስ እያለ መርከብ ሆድ ውስጥ ገባ! "ኢየሱስ!" አለች እማዬ። ባቡር የሚውጥ ነገር አይታ አታውቅማ።

ከባቡሩ ወርደን ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣን። ናፍጣ፣ ጨውና የድንች ጥብስ ይሸታል። መሃል ባሕር ላይ ነፋሱ በረታ። መርከቡ ሲያዘም ኩባያዎች ከጠረጴዛ እየተንሸራተቱ ተሰበሩ፤ ሰው ሁሉ ያገኘውን ጨበጠ። አባባ ግን ብድግ አለ።

"ኧረ ተቀመጥ፣ ትወድቃለህ!" አለችው እማዬ፣ ፊቷ ገርጥቶ።

"እኔ? ባሕር ላይ?" ብሎ ሳቀ።

ደረጃው አጠገብ ሕፃን ያቀፈች ሴት በአንድ እጇ ግድግዳውን ይዛ፣ መራመድ አቅቷት ታለቅስ ነበር። አባባ እግሩን ከፈት፣ ጉልበቱን ለቀቅ አድርጎ፣ ምንም ሳይጨብጥ፣ ከመርከቡ ጋር እየተወዛወዘ ሄደ። ሕፃኑን ተቀበላት፤ በሌላው ክንዱ እሷን ደግፎ እኛ ዘንድ አመጣቸው።

አንድ ፂማም ሽማግሌ የመርከቡ ሠራተኛ ሁሉን ሲያይ ኖሯል። ቀረብ ብሎ በእንግሊዝኛ፣ "የት ነው የሠራኸው?" አለው።

"ቀይ ባሕር።"

ሽማግሌው ቀጥ ብሎ ቆመና እጁን ወደ ግንባሩ አንስቶ ሰላምታ ሰጠው። አባባም መለሰለት። እንደዚያ ሲቆም አይቼው አላውቅም። እኔ ደግሞ ዙሪያችን ለተቀመጡት ፈረንጆች ሁሉ በአማርኛ "አባቴ ነው! የኔ አባት ነው!" እያልኩ ተናገርኩ። ያልገባው አልነበረም መሰለኝ፤ ሁሉም ፈገግ አሉልኝ። በሠርጉ ቀን አክስቴን ይዟት ሲገባ እንኳ የዚያን ያህል አልኮራሁም።

ያ ባቡር ዛሬ መርከብ ላይ መውጣቱን ትቷል ይላሉ። አባባም ጡረታ ወጥቷል፤ ጉልበቱን ያመዋል። ሰመርሊን የሚባለው ሰፈር፣ እኔ ቤት ሲመጣ ደረጃውን የሚወጣው ክንዴን ይዞ ነው። ያኔ እኔ ነበርኩ እሱን ሙጭጭ አድርጌ የምይዘው። "ከበድኩሽ እንዴ?" ይለኛል በየደረጃው። ኧረ አልከበደኝም። ያን የሚያህል ሰው የሚደገፈው እኔን ነው።