የእትዬ ሃሎ ኮምፒውተር ሲጮህ

የወንድሜን ሚስት ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት «እትዬ ሃሎ» እያለ ነው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ገመድ ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላ ሌላው ላይ እየሰካች ሰውን ከሰው ስታገናኝ ኖረች። የዚያ ሥራ ሕግ አንድ ነው፤ የጠራ ሁሉ መልስ ያገኛል። ሰካራምም ይሁን ተሳዳቢ፣ «እሺ ጌታዬ» ይባላል። ሥራውን ተወችው እንጂ ሕጉ አልተዋትም። በር ሲንኳኳ ማነው ሳትል ትከፍታለች። ሳሙና ሻጭ ደጃፏ ላይ ቆሞ የሚለፈልፈውን እስከ መጨረሻው ታዳምጣለች። እኔ እንደሆንኩ ገና አፉን ሳይከፍት በሩን ዘግቼበታለሁ። ጠባዬ ነው፣ ምን ይደረግ!

ወንድሜንም ያገኘችው በዚያው መስመር ላይ ነው። የመጋዘን ሠራተኛ ነበር። ዕቃ ለማዘዝ ሲደውል ድምፁን ሰማች፤ መልኩን ሳታይ ወደደችው። «ኋላ ሳየው መልኩ ድምፁን አያክልም» ትላለች እፊቱ፤ እሱም እየሳቀ የባሰ ነገር ይመልስላታል። ይመልስላት ነበር ልበል እንጂ። አምና ጉሮሮው ላይ ክፉ እጢ ተገኘና ሐኪሞቹ «ወይ ነፍሱን ወይ ድምፁን» አሉን። ነፍሱን መረጥን። ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ክፍሉን ዘግቶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና ድምፁን ቀድቶ አኖረላት። እሷ ግን አንድም ቀን ከፍታ አልሰማችውም። «ከሰማሁት አለቀ ማለት ነው» ትለኛለች። ምኑ እንደሚያልቅ ብጠይቃት ተቆጣችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሳጥብ ከነሱ ቤት የአምቡላንስ ዓይነት ጩኸት ሰማሁ። የሚለየን ግድግዳ ነው፤ ከነሳሙና እጄ ሮጥኩ። እትዬ ሃሎ ኮምፒውተሩ ፊት ቆማ እጇን እያርገበገበች ነው። ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆኗል። «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል! ፋይሎችዎ በሙሉ ሊጠፉ ነው! ኮምፒውተሩን አይዝጉ! አሁኑኑ ይደውሉ!» ይላል፤ ከሥሩ የስልክ ቁጥር አለ።

እንግዲህ እኔ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ የምውል ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ጉድ ግን አይቼ አላውቅም። የመዝጊያዋን ምልክት ብፈልግ የለችም። አንዱን ሳጥን ሳጠፋው ሌላው ብቅ ይላል።

«ኧረ አትንኪው! አይዝጉ ይላል እኮ!» ብላ እጄን ገፋችው። «ሁሉም ይጠፋል ይላል። እሱም እኮ እዚያ ውስጥ ነው።»

ያን ጊዜ እጄን ሰበሰብኩ። የወንድሜ ድምፅ ያለው እዚያ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ አልገለበጥነውም። እንዴት እስከ ዛሬ ሳትገለብጡት ቀራችሁ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ለኔም ግራ ነው።

ደወለች። ድምፁ ማር የሆነ ሰው አነሳ። «አይዞዎት እናቴ፣ በሰዓቱ ነው የደወሉት» አላት። እሷም «እሺ ጌታዬ፣ እሺ» ትላለች። አንድ ፕሮግራም አውርጂ፣ እኔ እዚሁ ሆኜ ኮምፒውተርሽ ውስጥ ገብቼ አጸዳዋለሁ ነው ነገሩ። አንዱ ልቤ ‹ይሄ ሰውዬ ማነው?› ይለኛል፤ ሌላው ‹ባስቆማትና ድምፁ ቢጠፋስ?› ይለኛል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ የዘገየችዋ ምን እንደሆነች ግን የነገረኝ የለም።

ወንድሜ ከመኝታ ቤት ወጣ። ስክሪኑን አየ፣ ስልኩን አየ፣ ከዚያ እጁን እያወዛወዘ፣ ራሱን እየነቀነቀ መጣባት።

«አንተ ደግሞ ዝም በል፣ ሰውዬው ይሰማኛል!» አለችው።

ዝም በል አለችው! ምን እንዳለች የገባት ካለች በኋላ ነው። ወንድሜ ግን አልጠበቃትም፤ ጎንበስ አለና ገመዱን ከሶኬቱ መንጭቆ ነቀለው። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ጩኸቱም ቆመ።

«ገደልከው!» ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «በገዛ እጅህ ድምፅህን ገደልከው!»

ስልኩን አነሳሁት። ማሩ ሰውዬ ሬት ሆኗል፤ «ማን ዝጊው አለሽ? አሁኑኑ መልሰሽ ክፈችው!» ብሎ ይጮህብኛል። እኔ ላይ! የመለስኩለት ነገር አይጻፍም።

ወንድሜ ወረቀት ፈልጎ ጻፈ፤ «መጋዘን ሳለን ሌቦች ውጭ ቆመው ‹እሳት! እሳት!› ይሉ ነበር። ደንግጠን በሩን እንድንከፍትላቸው።»

እሷ አነበበችው፤ ፊቷ ግን አልተፈታም። እኔም ብሆን አምኜው አይደለም። ገመዱን ግን መልሼ ሰካሁት። ኢንተርኔቱን ስከፍት «የነበረውን ገጽ ልመልስልዎት?» አለኝ። «እሺ በይው» አለችኝ እትዬ ሃሎ፤ ልማዷ እኮ ነው! እምቢ አልኩት። ቀዩ ነገር አልመጣም። እፎይ ልል ስል ከታች ጥግ ላይ ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች፤ «አምስት ቫይረስ ተገኝቷል!»

«ይኸው!» አለች።

የኮምፒውተሩን የራሱን የቫይረስ መከላከያ ከፍቼ ሁሉንም አስፈተሽኩት። «ምንም አልተገኘም» አለ። ጥጉ ላይ ያለው አምስት ይላል፣ ይሄኛው ምንም ይላል፤ ማንን ልመን? ደግሜ አስፈተሽኩት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብኝ። በመጨረሻ በንዴት መነጽሬን ሰክቼ ትንሿን ሳጥን አፍጥጬ አየኋት። ከሥሯ በደቃቅ ፊደል የአንድ ድረ ገጽ ስም ተጽፏል።

«ይሄ ምንድነው?»

እትዬ ሃሎ አቀረቀረች። «ሾርባ ነው። መዋጥ ለሚቸግረው ሰው የሚሆን ሾርባ ፈልጌ ያገኘሁት ነው። መልእክት ልላክልዎት ወይ አለኝ፤ ፍቀድ የሚለውን ተጫንኩለት።»

«ለምን?»

«ጠየቀኛ! ምን ልበለው ታዲያ?»

የሾርባ ድረ ገጽ ስለ ቫይረስ ምን አገባው! ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ መልእክት እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ፈለግኩ። ሾርባው ብቻ መስሎኝ፤ ለካ ደጅ የጠና ሁሉ ገብቷል! የመድኃኒቱ፣ የአየር ጠባዩ፣ የማላውቀው ሁሉ። አንድ በአንድ እየሰረዝኩ አስወጣኋቸው። ሳጥኗ ጠፋች። ጠበቅን፤ አልተመለሰችም።

«ድምፁስ?» አለች።

ፋይሉ ቦታው ላይ አለ። ደህና መሆኑን ለማወቅ ግን ከፍቶ ከመስማት በቀር መላ የለም። ማውሱን ሰጠኋት። ያ ለማንም እሺ የሚለው ጣቷ እዚህ ጋ እምቢ አለ። «አንቺ ክፈችው» አለችኝ፤ «አይሆንም» አልኳት። አልቅሼ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ። ዓይኗን ጨፍና ተጫነችው።

መጀመሪያ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ «ሃሎ? ኦፕሬተር?» አለና ሳቀ። «ስሚ። ይሄን ስትሰሚ እንደ ሞተ ሰው እንዳታለቅሺብኝ። የትም አልሄድኩም። ከኋላሽ ነው የምሆነው። ዞር በይና እዪኝ።»

ዞር አለች። ወንድሜ ያ ነገር ደግሞ ከጮኸ ብሎ፣ እጁን ሶኬቱ ላይ አድርጎ፣ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል።

«አቤት» አለችው።