ሦስት ቦታ ዝም አልኩ

ልጄ ለአስጎብኚነት ፈተና ስትመዘገብ ደስ ብሎኛል አልኳት። ውሸቴን ነው። ገደል ላይ ከምትወድቅ ፈተና ላይ ትውደቅ እል ነበር በሆዴ።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ለእንግዶች የምትናገረውን ደብተር ላይ ጽፋ በቃሏ ትለዋለች፤ እኔ ደብተሩን ይዤ በጣቴ እየተከተልኩ አዳምጣለሁ። የተማርኩት እስከ ሁለተኛ ክፍል ስለሆነ ትርጉሙን አላውቅም። ሥራዬ አንዲት ቃል መጠበቅ ብቻ ነው፤ «ዘ» የምትባለውን። ልጄ እሷን መዝለል ይቀናታል። መልኳን አስጠናችኝ፤ ፊተኛው ፊደል መስቀል፣ መካከለኛው ወንበር፣ ኋለኛው የተጠቀለለ ጆሮ ይመስላል። በየቦታዋም በቀይ እስክሪብቶ አሰመረችልኝ።

ይህች ቃል ምን ትሠራለች አልኳት። ጭላዳ ዝንጀሮ ስሙ መጀመሪያ ሲነሳ ገና እንግዳ ነው፤ ሁለተኛ ሲነሳ የምናውቀው ጭላዳ ስለሆነ «ዘ» ይገባዋል አለችኝ። ይህ ገባኝ። እኛስ ደጅ ሲንኳኳ «ሰው መጣ» እንል የለ፤ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ «ሰውዬው ይብላ እንጂ» ነው። ፀሐይ ግን ከመጀመሪያውም አላት፤ አንድ ስለሆነች ሁሉ ያውቃታል። የሰሜን ተራሮችም አላቸው። ራስ ደጀን የለውም። ከሁሉ የሚበልጠውን ለምን ከለከሉት ብላት፣ ብቻውን የቆመ ተራራ ስሙ ይበቃዋል፣ ደባርቅም የላትም አለች። ደባርቅ እንኳ ማጣት ለምዳለች።

ስትዘል «ዘ» እላታለሁ፤ ተመልሳ ታስተካክላለች። እንግዶቹን ወደ ገደሉ አፋፍ እንዳይጠጉ የምታስጠነቅቅበት ክፍል ላይ ግን ሦስት ቦታ ዘለለች፤ እኔም ዝም አልኩ። በማግስቱም ዘለለች፤ ዝም አልኩ። ሳምንቱ እንዲህ አለፈ።

የፈተናው ዕለት ከዳባት በሚኒባስ ደባርቅ ሄድን። መፈተኛው በር ላይ ስንደርስ ክንዷን ይዤ አስቆምኳት።

«የገደሉ ክፍል ላይ ሦስት ቦታ ትዘልያለሽ። እያየሁ ዝም ብያለሁ» አልኳት።

ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ።

«አውቃለሁ እማ። ዝም ስትይ ጣትሽ ቀዩ ላይ ይቆማል። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ እያወቅኩ ነው የዘለልኩት፤ ትናገሪ እንደሆነ ብዬ።»

ይህን ብላኝ ወደ ፈተናው ገባች።

አለፈች። እንግዳ ሲገኝ በቡይት ራስ በኩል ወደ ተራራው ይዛ ትወጣለች። እኔም ከመውጣቷ በፊት የምፈራውን አንድ በአንድ እነግራታለሁ። ቁጭ ብላ ትሰማኛለች፤ ስጨርስ ጫማዋን አጥብቃ ትሄዳለች።