የባሕር አሳማዎች አስታራቂ

ይህ የሆነው ባለፈው ፋሲካ ማግስት ነው። ልርሳው ብል እንኳ የአውራ ጣቴ ጠባሳ አይፈቅድልኝም።

ልጄ ሺራ ኪኪና ቱቱ የምትላቸው ሁለት ወንድማማች እንስሳት ታሳድጋለች። ጥንቸል የማያክሉ፣ ጭራ የሌላቸው፣ ቀኑን ሙሉ ሣር የሚቆረጥሙ ናቸው። በዕብራይስጥ «የባሕር አሳማ» ይባላሉ፤ አሳማም አይደሉ፣ ባሕርም አይተው አያውቁ። እናቴ ግን ስማቸውን ከሰማች ወዲህ ኔቬ ያዕቆብ ሰፈር ያለውን ቤቴን ረግጣ አታውቅም።

ሁለቱ ተደጋግፈው ነበር የሚተኙት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንገት ተያያዙ። ጸጉር በነነ፣ የቱቱ ጆሮ ደማ። ሺራ አንዱን ለሰው ልንሰጥ ነው ብላ አለቀሰች።

እኔ ደግሞ የሽማግሌ ልጅ ነኝ። አባቴ ጎንደር ሳለ ስንቱን ደመኛ አስታርቋል። ለያይቼ አሳደርኳቸውና በማግስቱ አንድ ሳህን ጎመን መሀላቸው አስቀመጥኩ። በአንድ ሳህን ያልበላ ታረቀ አይባልማ።

«አባ፣ ዳይ፣ በቃ ተዋቸው» አለች ሺራ።

«ዝም በይ፣ ባህል ነው» አልኳት።

ኪኪ ሳህኑን ያዘ። ቱቱ ጠጋ ሲል ተናከሱ። ልገላግል ብዬ እጄን ሰደድኩ። የማን ጥርስ እንደሆነ አላውቅም፣ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ።

ጣቴን ጠቅልዬ፣ ሁለቱን በሁለት ካርቶን ይዤ «የኢትዮጵያ ጎዳና» ከሚባለው መንገድ ጀርባ ወዳለች የእንስሳት ሐኪም ሄድኩ። የቱቱን ጆሮ አክማ ስትጨርስ ጠየቀችኝ።

«ስንት ሳህን አላቸው?»

«አንድ።»

«መተኛ ቤትስ?»

«አንድ። ወንድማማቾች ናቸው እኮ።»

«ለዚያ ነዋ የሚጣሉት» አለች ቀና ሳትል። «ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት አድርግላቸው፣ ቦታም ጨምርላቸው። አብረው ይኑሩ፣ ሳህናቸው ግን ይለይ።»

ፊቴ ጋለ። ታናሽ ወንድሜ አድነው ሁለት ዓመት እኔ ቤት ኖሮ ጊሎ ሰፈር ቤት ሲከራይ «ሳህን ለየህ» ብዬ ተቀይሜው ነበር። ታልፒዮት ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ አብረን እየሠራን እንኳ ሰላምታ ነፍጌዋለሁ። የሽማግሌ ልጅ ብሎ ዝም።

ሐኪሟ እንዳለችው አደረግን። ከቀናት በኋላ ኪኪና ቱቱ እንደ ድሯቸው ተደጋግፈው ተኙ። ሺራ ማንንም አልሰጠችም።

እኔም ጊሎ ወርጄ አድነውን ይቅርታ ጠየቅሁ። አቀፈኝ። ራት ሲያቀርብ ለእኔ አንድ ሳህን፣ ለራሱ አንድ ሳህን አደረገ። ሳህኔን ጠርጌ በላሁ።

«ለመሆኑ ማን መክሮህ ነው?» አለኝ።

«ሁለት ሽማግሌዎች» አልኩት።

ዛሬም ሳስበው ከሐፍረቱ ደስታው ይበልጥብኛል። የሽማግሌዎቹን ስም ግን እስካሁን አልነገርኩትም፤ አሳማ እንዳስታረቀን እናቴ ከሰማች የእሱንም ቤት አትረግጥም።